በቃ እስክልሽ

አሰልጣኙ ከቡድኑ ሊቀንሰኝ ሰበብ አላጣም፤ ባለፈው ዓመት ብቻ ቀኝ እግሬን አምስት ጊዜ ወለም ብሎኛል። እኔ ግን ስድስት ወር ሙሉ፣ ጥርሴን ስቦርሽ እንኳ፣ በዚሁ እግሬ ብቻ እየቆምኩ አጠንክሬዋለሁ።

ለሐዋሳው ጨዋታ በምንነሳበት ጠዋት ሜዳው መሐል አቆመኝ።

"በቀኝ እግርሽ ብቻ ቁሚ፤ ዓይንሽን ጨፍኚ። በቃ እስክልሽ ግራ እግርሽ መሬት ካልነካ ይዤሽ እሄዳለሁ።"

ቆምኩ። ጭኔ ተንቀጠቀጠ፤ ቁርጭምጭሚቴ ግን አልከዳኝም። የቡድኑ ልጆች ሳቅ እየራቀ ሄደ። በቃ የሚለኝ ግን ጠፋ።

"ልጄ፣" አሉኝ የሜዳው ዘበኛ በመጨረሻ፣ "አውቶቡሱ እኮ ከሄደ ቆየ።"

ዓይኔን አልገለጥኩም።

"የአሰልጣኙ ስልክ አለዎት አይደል፣ አባባ? ይደውሉለትና ግራ እግሯ ገና መሬት አልነካም ይበሉልኝ።"