ስላይድ ቀያሪዋ

"የአንቺ አነጋገር ለሰው አይገባም፤ ዝም ብለሽ ስላይዱን ቀይሪ" ብሏት ነበር የቡድኑ መሪ። በክፍሉ ውስጥ ከሰው አገር የመጣች ጥቁር ተማሪ እሷ ብቻ ነበረች። ቡድኑ የሚያቀርበውን የድልድይ ጥናት ከሥር ከመሠረቱ የሠራችው እሷ፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ፊት የቆመው እሱ! እሷማ ጥግ ላይ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ተቀምጣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ነበር።

"ምሰሶው ለምን መሀል ላይ አልቆመም?" ሲሉ መምህሩ ጠየቁ። መሪው ጉሮሮውን ጠረገ። "እሱ... በኋላ ይመጣል። ቀጣዩ!" ጣቷ ንቅንቅ አላለም። "ቀጣዩ አልኩ እኮ!" አለ ጆሮው ቲማቲም መስሎ።

"ምነው፣ ይቺ ልጅ ጆሮ የላትም እንዴ?" አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ጣቷን ከቁልፉ አነሣችና ወደ ፊት ወጣች። "የወንዙ መሀል አሸዋ ነው፤ አለቱ ያለው ወደ ዳር ነው። አሸዋ ላይ ብናቆመው ጎርፍ ይዞት ይሄዳል" አለች፣ በዚያው በናቁት አነጋገሯ። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው።

"ጥናቱ የማን ነው?" አሉ መምህሩ።

"የኔ ነው።" ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። "አነጋገሬ ያልገባው እጁን ያውጣ፤ ደግሜ እነግረዋለሁ።"

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም እጅ አልወጣም።