ለማደጊያው

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቁረጥ አልኩህ!» ይላል አለቃዬ፣ የጠመኔውን መስመር በጣቱ እየመታ።

አልቆርጥም። መቀሴን ጨብጬ እንደ ሐውልት ተገትሬያለሁ። እኔ እኮ ዐይኔን ጨፍኜ ሙሉ ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ፤ በዚህ ከተማ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ኮቱ የኔ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ነው። ትእዛዙ ደግሞ ሱሪው ልክ ቁርጭምጭሚት ላይ እንዲያልቅ፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ትርፍ እንዳይኖረው። ልጁ ሲረዝም እናቱ ፈትታ የምታወርደው ስታጣ ሌላ ታሰፋለቻ! ይሄ ተንኮል ሥራ ተብሎ ተነገረኝ፤ ለኔ!

«እትዬ ቢሰሙህ ምን ይሉህ ነበር?»

እትዬ እናቱ ናቸው። ይህን ልብስ ስፌት ቤት ያቆሙት፣ እኔንም መርፌ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። የማንንም ልጅ ሱሪ ሲቆርጡ ከመስመሩ በታች አራት ጣታቸውን አጋድመው «ይቺ ለማደጊያው» ይሉ ነበር።

«እናቴ ነፍሷን ይማርና የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እናት መሆን አምሯት ነው» ይለኛል። «እኔ የያዝኩት ሱቅ ነው።»

ደሜ ፈላ። የተረፈችኝ ፀጉር ቆመች። «ሱቅ? አንተን አዝለው እዚህ ስፌት መኪና ላይ ጎብጠው ነው ያሳደጉህ! ሰማህ? ሠራዊት ቢሰለፍብኝ አራት ጣት አላጎድልም!»

«ሠራዊቱ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል፣ ጋሼ፣ ቀስ በል» ትላለች እጥፋት የምትሰፋው ልጅ ከጥግ። ከዚያ ወደ አለቃችን ዞር ብላ፣ «ግን የሚታጠፍ ከሌለ እኔ ምን ልሰፋ ነው?»

«አንቺ ዝም በይ! ጋሼ፣ ካልቆረጥክ በሩ ያውልህ።»

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ኮቴን አነሣለሁ። ነገ አሥር ቤት ይሻማብኛል። ደህና፣ አንድ አይጠፋም። እርግጥ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ቤት ሠርቼ አላውቅም።

«እንዲህ ነው የሚቆረጠው፣ እይ!» ብሎ መቀሱን ያነሣል።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ በንዴት እየተንተከተክሁ አያለሁ። ጨርቁን በመዳፉ ያስተካክላል። መስመሩ ላይ ያጎነብሳል። ግራ እጁ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከመስመሩ በታች ይጋደማል፤ አራት ጣት። መቀሱ ከትንሿ ጣቱ ሥር ገብቶ መቁረጥ ይጀምራል።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የራሱን እጅ የሌላ ሰው ይመስል አፍጥጦ ያየዋል። ጆሮው ይቀላል፤ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ መስመሩ ያያል።

ጣቶቹን ግን አያነሣም።