መስመሩን ያላለፈ ጉርሻ

እናንተ ስትወለዱ ትኬት ቆርጣችሁ ነበር? ውዳላትን ግን «ቆርጠሻል» አሏት። ጥንታዊ ከተሞች በሰው ብዛት እንዳይፈርሱ ተብሎ በወጣው ሕግ፣ ማንም ሰው ወደ አንድ ከተማ የሚገባው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከወጣ አይመለስም። በጥንታዊቷ ከተማ በወይና በር መወለዷ እንደ መግባት፣ ለትምህርት መሄዷ እንደ መውጣት ተቆጠረባት።

ትምህርቷን ጨርሳ የተሳፈረችበት መርከብ ዓባይን ሽቅብ ወጥቶ ሲቆም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው መንገደኛ እየተጋፋ ወደ ከተማው ገባ። እሷ በሩ ላይ ከተሰመረው ቀይ መስመር ስትደርስ ቆመች። አንገቷን አስግጋ ሰፈሯን ፈለገች፤ የቤታቸው ጣሪያ አሁን ምን ቀለም ይሆን?

ከመስመሩ ማዶ እናቷ ወይዘሮ ጥሩዓለም ሳህን ይዘው ብቅ አሉ።

«ከስተሻል» አሉ ከሰላምታ በፊት።

«ጣሪያችን ምን ቀለም ነው፣ እማዬ?»

«መጀመሪያ ጉረሺ፣ ከዚያ እነግርሻለሁ።» ከዶሮ ወጥ ጋር የጠቀለሉትን የእንጀራ ጉርሻ ዘረጉላት።

«እማማ፣ እጅዎ መስመሩን ካለፈ ወጥተዋል ማለት ነው» አለ የበሩ ጥበቃ። «ቤትዎ አይመለሱም።»

«ቀሪው ገላዬስ?»

«እሱም እጅዎን ይከተላል።»

እናትየው እጃቸውን ሰበሰቡ። ወጡ እስከ ክርናቸው ወረደ።

ውዳላት ዘወር ስትል ሕጉን የሚያስፈጽሙት የቅርስ ሹም ወደቡ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ «ቤታችሁ ነው፣ ግቡ» እያሉ እንግዳ ይቀበላሉ። ሰዉን ገፍታ ፊታቸው ቆመች።

«ማጉያውን እንዳያጠፉት፣ ጌታዬ» አለች። «እናቴ ልጇን ለማጉረስ ቤቷን የምታጣው ለማን ሲባል ነው? ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱልኝ።»