ቤቱ እስኪጠገን

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ይባላል። ማርሊስ የጠረጠረችው ግን ባዳ ሰው አይደለም፤ አብሯት ያረጀውን ባሏን ነው።

ቤታቸው ከተቃጠለ ወዲህ ኢንሹራንሱ ከኮለምበስ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለ ሆቴል አስገብቷቸዋል። ሆቴል ስላችሁ አሳላፊ የሚሯሯጥበት እንዳይመስላችሁ። እዚህ የሚገባው ሊከርም የመጣ ሰው ነው፤ ጣሪያ ሠራተኛው፣ ተረኛዋ ነርስ፣ ከሚስቱ የተጣላው። ክፍሉ የሚጸዳው በሳምንት አንዴ ነው። የቆሸሸ ፎጣህን ራስህ ተሸክመህ ወርደህ በንጹሕ ታስለውጣለህ፤ ድስትና ሳህን ከእንግዳ መቀበያው ትዋሳለህ። ቁርስ ዛሬ ዋፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ ነው፣ ነገም ዋፍል ነው። ኮሪደሩ ሁሉ አንድ፣ በሩ ሁሉ አንድ፣ ምንጣፉም አንድ።

ማርሊስ ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው ዴልበርትን ነው።

የገቡ ዕለት፣ ሻንጣው ገና ሳይፈታ፣ የክፍላቸውን ምድጃ ማዞሪያዎች አንድ በአንድ ነቅሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው።

«ምድጃው ተበላሽቷል። እስኪሠሩት ከውጭ እንበላለን።»

«ሳትሞክረው በምን አወቅክ?»

«ነገሩኝ እኮ፣ የኔ እመቤት።»

ማን እንደነገረው አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ምግባቸው ሁሉ ከካርቶን የሚወጣ ሆነ። ጎረቤታቸው፣ አንዱ ጣሪያ ሠራተኛ፣ ዴልበርትን ፒዛ ተሸክሞ ሲያየው ቀለደበት።

«ጋሼ ዴልበርት፣ ዛሬም ፒዛ? ባለቤትዎ አድማ መቱ እንዴ?»

ዴልበርት ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም፣ እጁም ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ። ማርሊስ አየችው።

ሌላም አለ። እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ዴልበርት የፎቶ አልበሞቹን በሙሉ ጭኖ ልጃቸው ታሚ ቤት አድርሷቸው ነበር። ቤቱ ሲነድ የሠርጋቸው ፎቶ እንኳ አልተነካም። ያኔ «እግዜር አተረፈልን» ብላ አልቅሳለች። አሁን ስታስበው፣ እግዜር አልበም መኪና ላይ አይጭንም።

አንድ ጠዋት ደግሞ ቁርሷን በልታ ስትመለስ የበሩ መክፈቻ ካርድ እምቢ አላት። ብታስገባው ቀይ መብራት፣ ገልብጣ ብታስገባው ቀይ። ወርዳ እንግዳ መቀበያው ላይ ለምትሠራው ለኬሻ ነገረቻት። ኬሻ የክፍሏን ቁጥር እንኳ ሳትጠይቅ ክንዷን ደግፋ ወሰደቻት። በኬሻ እጅ ያው ካርድ ወዲያው ከፈተ።

«ባሌ ነው አይደል ያዘጋብኝ?» አለቻት ማርሊስ።

«ኧረ እማማ ማርሊስ፣ እሳቸው እኮ ለእርስዎ ሟች ናቸው» አለች ኬሻ፣ ዓይኗን ሸሸት አድርጋ።

ልጅቷንም በእጁ አስገብቷታል፣ አለች ማርሊስ በሆዷ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሷ ብቻ የማታውቅ መሰላት፤ በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ መሆኗ አንገበገባት።

ያን ዕለት ከሰዓት ዴልበርት ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ማርሊስ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። አላፈረችም፤ በእሷ ቦታ ማንም ቢሆን ያዳምጣል።

«አታውቅም፣ ታሚ» ይላል ዴልበርት። «አታውቅም አልኩሽ። እንዳትነግሪያት። ለኢንሹራንሱ መርማሪም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትዪ። ይህ ነገር ከታወቀ ያለያዩናል።»

ማርሊስ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ያለያዩናል ማለት እስር ቤት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ለኢንሹራንስ ብር ብሎ የገዛ ቤቱን አቃጥሎታል ማለት ነው። ብትናገር ባሏን በገዛ አፏ ታሳስራለች። ዝም ብትል ደግሞ ቤት ካቃጠለ ሰው ጋር አንድ አልጋ ላይ ልትተኛ ነው፤ ነገስ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል። ፈራችው። እየፈራችውም ትወደዋለች፣ ይኼ ነው የባሰባት።

በሩ ተከፈተ።

«ማን ነበር?» አለችው።

«ታሚ ናት። ሰላም ብላሻለች።»

«ዴልበርት፣ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘ። መዳፉን ላብ አጥምቆታል።

«ምንም የለም፣ የኔ እመቤት» አለ።

ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ታውቃለች። ቲማቲም መስሎ ነበር።

በማግስቱ ዴልበርት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሲገባ ማርሊስ ብቻዋን ወደ ቁርስ ቤቱ አመራች። ጥግ ላይ አንድ መነጽራም ሰው የኢንሹራንሱን መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ፊቱ ቆማ ትንሽ አመነታች።

«መርማሪው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ፕሩት እባላለሁ። እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ ማርሊስ? ይቀመጡ።»

ስሟን መጥራቱ አስደነገጣት። መርማሪ አይደል፣ ያውቃል፣ ብላ ተወችው። ተቀመጠችና ሁሉንም ዘረገፈችለት፤ የምድጃውን ማዞሪያ፣ አልበሞቹን፣ ካርዱን፣ በበሩ ያዳመጠችውን።

«ክፉ ሰው አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ምን እንደነካው እንጃ። እንዲራሩለት ነው የምለምንዎ። ግን እሳቱን ያስነሳው ባሌ ነው።»

ፕሩት ስትጨርስ ወደ ልብስ ማጠቢያው በር ዞር ብሎ አየ፣ ወንበሩን ስቦ ተጠጋት፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ወይዘሮ ማርሊስ፣ ድስቱን ጥደው የረሱት እርስዎ እንደሆኑ ትናንት እዚሁ ተቀምጠው ነግረውኛል፤ ‹ባሌ የማላውቅ ይመስለዋልና አደራ እንዳይነግሩት› ብለውም አስምለውኛል።»