ለታመመው ወንድሜ ያደረስኩት ዳቦ

«አያ ደምለው... የረሳኸው ስለት አለ። አስብ!»

እንዲህ ያለኝ ቢያድግልኝ ነው... በበሬዬ ጀርባ ላይ ጠበል እያፈሰሰ።

አሰብኩ... ትዝ ያለኝ የለም።

በሬዬ ቦራ ከፋሲካ ወዲህ ከሳ። የጎኑ አጥንት ወጣ። ጫንቃው ቆስሎ አልድን አለ።

ያለኝ በሬ እሱ ብቻ ነው። ቢያድግልኝም ያለው አንድ ነው።

መቀናጆ ነን... ሁለቱን በሬዎች አጣምረን አንድ ቀን የእኔን መሬት፣ አንድ ቀን የእሱን እናርሳለን።

ቦራ ከሞተ መሬቴ አይታረስም። መሬቴ ካልታረሰ እኔና ባለቤቴ ሥራነሽ የምንቀምሰው የለም።

ቢያድግልኝ ደግሞ ጎረቤት ብቻ አይደለም።

የሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን ሙሴ ነው... መሪያችን። ማለዳ ኪዳን ሲደርስ ከፊት የሚቆም ሰው።

እሱ «ስለት ረስተሃል» ካለ ረስቻለሁ አልኩ።

ለሥራነሽ ነገርኳት። ደረቷን መታች።

«እኔ ነኝ! በማርያም ዕለት እህል አስፈጭቻለሁ... የእኔ ኃጢአት ነው በሬውን የያዘው!»

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ አልኩህ!»

ሁለት ሽማግሌዎች... ኃጢአት ተሻማን።

ያለችንን በግ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠን። ስግደት ጨመርን።

ቦራ ግን ባሰበት።

የሰኔ ሚካኤል ደረሰ።

በእኛ አገር፣ ከአማኑኤል ከተማ ወረድ ብሎ፣ በዚያ ቀን በሬ የሚጠምድ የለም። በዓሉ ለበሬም ነው።

በበዓል ሁለቱም በሬዎች ቢያድግልኝ ዘንድ ይውላሉ። ግጦሹ እዚያ ይሻላል።

ሄጄ አይቼ አላውቅም... በበዓል ቀን በሬ ምን ይሆናል ብዬ?

ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሙሴያችን የለም።

«ብርድ ብርድ ብሎት ተኝቷል» ተባለ።

የንስሐ አባታችን አባ ኃይለ ሚካኤል ከማኅበሩ ዳቦ ቆርሰው በጨርቅ ቋጠሩልኝ።

«ደምለው፣ መቀናጆው አንተ ነህ። የታመመ ወንድምህን ድርሻ አድርስለት።»

ይዤ ሄድኩ።

ሚስቱ ማንጠግቦሽ በር ላይ ቆማለች።

«ተኝቷል አያ... አይቀስቅሱት። ለእኔ ይስጡኝ።»

«ፊቱን አይቼ ልመለስ።»

«አይ... አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

ዓይኗን ከእኔ አሸሸች።

ያኔ ከቤቱ ጀርባ፣ ከቁልቁለቱ ሥር... ጅራፍ ጮኸ።

ቀጥሎ የሰው ድምፅ።

«ቦራ! ተመለስ! አንተ ሰነፍ!»

የበሬዬ ስም ነው።

ማንጠግቦሽ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ተው ብዬው ነበር አያ... በየበዓሉ ነው። ማለዳ ታይቶ ይመጣና እናንተ ስታስቀድሱ እሱ ይጠምዳል።»

ወረድኩ።

ከወንዙ ዳር፣ ከመንገድ የማይታይ ማሳ አለው። በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል። የቦራ ጫንቃ ደም ያዣል።

ጠበል ያፈሰሰው እጅ ጅራፍ ይዟል።

«ቢያድግልኝ።»

ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አያ... ለምን መጣህ?»

«ዳቦህን ላደርስ።»

መሬት መሬት አየ።

«ዝናቡ ሊያልፈኝ ነው ብዬ ነው... ሚካኤል ልብን ያያል። ደግሞ ጠዋት ተሳልሜያለሁ!»

«በሬውስ ተሳልሟል?»

ጅራፉን ከጀርባው ደበቀ።

«ስለት ረስተሃል ስትለኝ... ምን እንደያዘው ታውቅ ነበር?»

የቦራን ጫንቃ አየና አንገቱን ደፋ።

መልሱ ያ ነበር።

በበሬው አይደለም... በጸሎቴ ነው የተጫወተብኝ። ሥራነሽ ያለቀሰችውን ሁሉ እሱ ያውቅ ነበር።

ቦራን ከቀንበር ፈታሁ። ዳቦውን ሞፈሩ ላይ አስቀመጥኩለት። በሬዬን እየነዳሁ ሄድኩ።

በሐምሌ ሚካኤል ማኅበሩ እንደገና ተሰበሰበ። ቂም ይዞ ጽዋ መቅመስ አይቻልም።

ቢያድግልኝ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ሥር ወደቀ።

«ማረኝ አያ።»

«ይቅር ለእግዜር። ድንጋይህን አውርድ።»

አባ መረቁን። ከአንድ ጽዋ ጠጣን።

ቢያድግልኝ ፈገግ አለ።

«እንግዲህ ሰኞ እንጠምዳ አያ? ቦራም አገግሟል አሉ።»

«የለም።»

ከጥግ አንዱ ሳቀ።

«ጉድ እኮ ነው! ሰውየው ታርቆ በሬው አኮረፈ!»

አባም ከበዳቸው። «ደምለው... ይቅር ብለህ የለም ወይ?»

«ብያለሁ አባቴ። የእኔን ይቅር አልኩ። የበሬውን ይቅር ልለው አልችልም... እሱ አፍ የለውም።»

ሌላ መቀናጆ ፈለግሁ። ሐምሌ ነው... ሰው ሁሉ ተጣምሮ አልቋል።

መሬቴ ዘንድሮ ጦም አደረ። ሥራነሽ ከእህቷ እህል እያመጣች ከርመናል። ቦራ ደጄ ላይ ያመሰኳል፤ ጫንቃው ጠጉር አብቅሏል።

ልጆቼ...

ለእግዜር የምንቆመው ኪዳን ሲደርስ ብቻ አይደለም። ማንም በማያየን ማሳ ላይ፣ አፍ የሌለውን ፍጥረት በያዝንበት እጅም በፊቱ ቆመናል። ጸሎታችን እስከዚያ ካልወረደ... ደጀ ሰላሙን አልወጣም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ይቅር ብዬ፣ ከአንድ ጽዋ ጠጥቼ፣ በሬዬን ግን ስከለክለው... ይቅርታዬ ጎዶሎ ነው? ወይስ እናንተም ብትሆኑ ቦራን አትሰጡትም ነበር?

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ... የሚያነብልኝ ሰው አለ።