ቤታችሁ ስንት ሰው ያድራል?

«እኔ ቀዩን ነጥብ ነው የምፈልገው» አለ ባሌ፣ ሾትጋኑን ትከሻው ላይ ለጥፎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የካርቶን ሰው ላይ ያነጣጥራል። ሀብተማርያም እንኳን ሰው ዶሮ አርዶ አያውቅም! የኛ ቤት ፋሲካ ከግሮሰሪ የመጣ የተበለተ ዶሮ ነው።

አናንዴል፣ መንገድ ዳር ያለ የመሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነን፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ከአምስት ሳምንት በፊት አሌክሳንድሪያ ያለው ቤታችን ሌባ ገባ። የጓሮውን በር መስታወት ሰብሮ ላፕቶፕና የአንገት ሀብሌን ይዞ ሄደ። ሁላችንም ውጭ ስለነበርን ማንም አልተነካም። ሀብቴ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ባለፈው ሳምንት ሾትጋን ገዛ፤ ዛሬ ደግሞ ማነጣጠሪያና መብራት ሊያስገጥምለት ይዞን መጣ። ሲያገላብጥ ላየው ለሙሽራ ወርቅ የሚመርጥ ነው የሚመስለው።

ሻጩ ነጭ ፂም ያለው ረጋ ያለ ሰውዬ ነው። ሦስት ዓይነት ማነጣጠሪያ ደርድሮለታል፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የምትቀመጠውን ተራ የናስ ፍሬ፣ አሾልከው የሚያዩባትን የብረት ቀለበት፣ በባትሪ የሚሠራውን ቀይ ነጥብ።

«ከሁሉም በፊት ግን መብራቱ» አለው፣ አንዱን ለሙከራ ሾትጋኑ ላይ እየገጠመለት። «ማነጣጠሪያ የት እንደምትመታ ነው የሚነግርህ። ማንን እንደምትመታ የምታውቀው በመብራቱ ነው።» ሳልወድ በግድ ሰውዬው ደስ አለኝ። ቀጥሎ፣ «ቤታችሁ ስንት ሰው ያድራል? የት የት ነው የምትተኙት?» ብሎ ጠየቀ።

«ሦስት ነን» አለ ባሌ። «እኔ፣ ሚስቴ፣ ልጄ። ሁላችንም ፎቅ ላይ ነው የምንተኛው።»

ሦስት! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ነጋስ? ታናሽ ወንድሜ ነጋ ዲቪ ደርሶት ከመጣ አምስት ወሩ ነው፤ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። ዳቦ ቤት የሌሊት ሺፍት ሠርቶ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ በሰጠሁት ቁልፍ ከፍቶ ይገባል። እኛን እንዳይቀሰቅስ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ ኮሽ ሳያደርግ! ያንን የተሰበረ በር በብረት ያጠናከረው ራሱ ነው፤ አዳማ እያለ በያጅ ነበር። አሁንም አብሮን መጥቶ፣ እዚያ ማዶ የተደረደሩትን ካዝናዎች እያንኳኳ ብየዳቸውን ያያል። እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ የምናወራው አይገባውም።

«ሀብቴ፣ ሰው ረሳህ» አልኩት በአማርኛ፣ ጥርሴን ነክሼ።

«እሱ እኮ እንግዳ ነው» አለኝ። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረና በእንግሊዝኛ፣ «አዎ፣ ሳሎን ደግሞ አንድ ስትሬንጀር አለ» አለው።

ሰውዬው ክው አለ። «የማታውቀው ሰው? ሳሎንህ ውስጥ?»

ሌላ አበሻ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። በኛ ቋንቋ አክብረን አልጋ የምንለቅለትም እንግዳ ነው፣ ከየት እንደመጣ የማናውቀውም እንግዳ ነው፤ ሰው ሲተረጉም ቢሳሳት አይፈረድበትም። ይሄ ግን ሀብተማርያም ነው! አሥራ አንድ ዓመት ክሪስታል ሲቲ፣ ሆቴል ዴስክ ላይ ቆሞ እንግዳውን ሁሉ «ጌስት» ሲል የሚውል ሰው! ጌስቱ ፎጣ ፈለገ፣ ጌስቷ ቼክአውት አደረገች፤ እራት ላይ እንኳ ሌላ ወሬ የለውም። ለመንገደኛው ሁሉ የሚያድለው ቃል ለወንድሜ ሲሆን ጠፋው!

«ስትሬንጀር አይደለም፣ ወንድሜ ነው!» አልኩ በእንግሊዝኛ። ምን ያህል እንደጮህኩ አላውቅም፣ ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ነጋን በጣቴ አሳየሁት። «ያውልህ! በዚህ ጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ነው! በዚያ ጨለማ በሩን ከፍቶ የሚገባው እሱ ነው!» በዚያው በእንግሊዝኛዬ ወደ ባሌ ዞርኩ። «ያንን ቀይ ነጥብ ማን ላይ ልታሳርፈው ነው?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ፊት ነን» አለኝ በሹክሹክታ፣ ላብ እያጠመቀው። «ሲመጣ ኮል ያድርግና ይግባ በቃ።»

«ወደ ቤቱ ለመግባት?»

«ወደ ቤቱ…» ብሎ ተወው። ከዚያ ዓይኔን ሳያይ፣ «እስከ መቼ ነው ግን ሰርኬ? አምስት ወር እኮ ሆነው» አለኝ።

እንዲህ ነዋ! እኔ ቂሏ ሌባ ፈርቶ ነው ብዬ ሳዝንለት ከረምኩ። እዚያው ሱቅ መሃል ልብሱን ይዤ ብጎትተው ደስ ባለኝ ነበር።

ነጋ ስጠቁመው አይቶ ኖሮ ፈገግ እያለ መጣ። «እትዬ፣ ስለኔ ነው እንዴ የምታወሩት? ስትሬንጀር፣ ስትሬንጀር ስትባባሉ ሰማሁ። ምን ማለት ነው?»

ሀብቴ ገረጣ። ልናገር ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አውቀዋለሁ፤ ብነግረው ዛሬውኑ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፣ የት እንደሚያድር እንኳ ሳያውቅ።

«እንግዳ ማለት ነው» አልኩት።

ፊቱ በራ። ለባሌ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «እግዜር ያክብርልኝ ጋሼ። አምስት ወር ሙሉ እንግዳ ብሎ የሚያስቀምጥ ማን አለ?» ነጋ ጎንበስ ብሎ ሾትጋኑ ላይ የተገጠመውን መብራት ነካ ነካ አደረገና በባለሙያ ዓይን ፊቱን ቋጠር አደረገ።

«ይቺ ብሎን ላልታለች። ያምጡት፣ እኔ ላጥብቅልዎት» አለና መፍቻውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። አንድ እጁ መብራቱን ይዟል፣ በሌላኛው ያጠብቃል፤ አፈሙዙ የነጋን ደረት ያያል። ባሌ ቆሞ ያየዋል። እጁን ሰዶ አፈሙዙን ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ያዞረው ሻጩ ነው።