የቱማር እርምጃ

«አታጥብቂው እንጂ፣ ውርንጭላ አይደለችም» ይሏታል አማቷ ከኋላዋ ቆመው።

ኡምሱናይ ሣሩ ላይ ተንበርክካ የልጇን ሁለት ቁርጭምጭሚቶች በጥቁርና በነጭ ክር እያሰረች ነው። ቱማር ዓመት ከሁለት ወሯ ነው፤ መሄድ ጀምራለች፣ ስለዚህ በአገሩ ልማድ የእግሯ ክር መቆረጥ አለበት። የሰፈሩ ልጆች ከወንዙ ዳር ተነስተው ይሮጣሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ቢላ ይሰጠውና ክሩን ይቆርጣል፤ ሕፃኗም የኮችኮር መንደር በሙሉ እያየ በተፈታ እግሯ ትሄዳለች። ወደ ማን እንደምትሄድ ግን ማንም አይነግራትም። በዚህ ቤት ትልቁ ነገር እሱ ነው።

«እኔ ክሬ ሲቆረጥ ወደ አያቴ ነው የሄድኩት» ይላሉ አማቷ ለጎረቤቶቹ፣ ምናልባት ለአሥረኛ ጊዜ። «እስክትሞት ድረስ ከእቅፏ አልወረድኩም። ይቺ ደግሞ ወደ እናቷ ነው። መጀመሪያም የተራመደችው ወደ እሷ ነው፤ ራሷ ኡምሱናይ ነች የነገረችኝ።»

ኡምሱናይ ቀና አትልም። ክሩን ትቋጥራለች።

ነግራቸዋለች፣ አዎ። ሰምተውም በደስታ አልቅሰዋል። ልጅቷ በተራመደችበት ዕለት ግን ኡምሱናይ ጀርባዋን ሰጥታ የሱፍ ምንጣፍ ትሰፋ ነበር። ቱማር ከግድግዳው ተላቃ የተራመደችው፣ ሣጥኑ ላይ ተደግፎ ወደሚዘፍነው ስልክ ነው። እናትየው ዞር ስትል ልጅቷ ደርሳ፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ አገኘቻት።

ስልኩን መስጠት የጀመረችው ለአንድ የምንጣፍ ጠርዝ ነበር። ወፍራም መርፌና ስለታም ቢላ ባለበት ክፍል ሕፃን ምን ይደረጋል? ጠርዙን ዘምዝማ እስክትጨርስ ብላ ሰጠቻት። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ለሚሰፋ አንድ አበባ ሆነ። ከዚያ ከቁርስ እስከ ምሳ። የክሊኒኳ ነርስ «ሁለት ዓመት ሳይሞላት ስልክ እንዳታሳዩአት» ስትል ግን ኡምሱናይ አማቷ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ «እኛ ቤት ደግሞ ማን ይሰጣታል» አለች። ያውም ተቆጥታ።

ዛሬ ስልኩን ከጠዋት ጀምሮ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ቀብራዋለች። ቱማር ሦስቴ አልቅሳ ሦስቴ ዝም ብላለች። ባዶ እጇን ዘርግታ ጠርታት ታውቅ እንደሆነ ኡምሱናይ ታስባለች፤ አንድ ቀን እንኳ አይመጣላትም።

«መጡ፣ መጡ» ይላል አንዱ።

ከሁሉም ፊት አንድ ጫማዋ የወለቀባት ባለ ቀይ ጉንጭ ልጅ ናት። ቢላውን ከአንድ ሽማግሌ እጅ ትቀበላለች፤ ክሩ ይበጠሳል። ያን ጊዜ የባሏ ታላቅ እህት ጃዝጉል ልትቀርጽ ስልኳን ታነሳለች። የቱማር አንገት ወደዚያው ይዞራል።

«እትዬ፣ እባክሽ አስቀምጪው።»

«ለምን?»

«ትደነግጣለች።»

«ቢላ የያዘችው ልጅ ያላስደነገጠቻትን እኔ ላስደነግጣት? መልኬ ነው ወይስ ስልኬ?»

ሴቶቹ ይስቃሉ። የኡምሱናይ ጆሮ ይግላል።

«አስቀምጪው ተብለሻል» ይላሉ አማቷ። «ልጅቱ ስልክ የሚባል አታውቅም። እናቷ እንደ አንቺ አይደለችም።»

ጃዝጉል ስልኳን ከሻርፗ ሥር ትከታለች። ኡምሱናይ መሬቱ ቢውጣት ደስ ይላት ነበር። ግን ሰው እየጠበቀ ነው፤ ስድስት እርምጃ ርቃ ትንበረከካለች፣ እጆቿን ትዘረጋለች።

«ነይ የኔ ዓለም። ወደ እኔ ነይ።»

ቱማር ታያታለች። ፊቷን፣ ከዚያ እጆቿን። አንድ እግር ታነሳለች። ትንገዳገዳለች፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ትንፋሹን ይይዛል። ሁለት። ሦስት። ወደ ጃዝጉል አልሄደችም፤ ወደ አያቷም አልሄደችም። አምስት። የኡምሱናይ ውሸት ዛሬ እውነት ሊሆንላት ነው።

ስድስት። ሰው ያጨበጭባል። ከረሜላና የተጠበሰ ሊጥ በአየር ላይ ይበተናል፣ ልጆቹ ይሻሙታል።

ቱማር ግን ደረቷ ላይ አትወድቅም። የተዘረጋውን ቀኝ እጅ ትይዛለች፣ ገልብጣ ታየዋለች። ከጣቶቹ አውራ ጣቱን መርጣ በትንሿ መዳፏ ትጨብጠዋለች፤ ወደ ሽርጡ ኪስ ትጎትተዋለች። ስልኩ የሚከፈተው በዚህ ጣት አሻራ ነው።

«አያችሁልኝ» ይላሉ አማቷ፤ እንባቸው ወርዷል። «እናቷን ይዛት ልትሄድ ነው። እጇን አትለቃትም።»

ጃዝጉል እንኳ ዓይኗን ትጠርጋለች። «ታድለሽ ኡምሱናይ። ሦስት ወልጄ አንዱም እንዲህ አልያዘኝም።»

ኡምሱናይ ፈገግ ትላለች፤ ምን ታድርግ። አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አጥፋ እጇን ትጨብጣለች።

ቱማር አታለቅስም። ሣሩ ላይ ቁጭ ትልና፣ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው ሳትቸኩል፣ የእናቷን ጣቶች ከትንሿ ጀምራ አንድ በአንድ ትከፍታለች።